የነዕማ ችግኞች

ስልኩ ሲጮኽ የሺሀረግ እጇ ርጥብ ነበር። አንድ እስር ሣር ባልዲ ውስጥ እየነከረች በትንባሆ ችግኞቹ ላይ ታርከፈክፋለች። ከመደቡ ሩብ ያህል ቀርቷታል። ደዋይዋ ነዕማ ናት ብላ፣ «ትንሽ ትጠብቀኝ» አለች ለራሷ። ነዕማ አሶሳ ሆስፒታል ከተኛች ዘጠኝ ቀኗ ነው። በየጠዋቱ ትደውላለች፤ የምትጠይቀው ግን ስለ ችግኞቹ ነው እንጂ ስለ ኩላሊቷ አንድም ቀን አውርታ አታውቅም። የሺሀረግ የቀረውን አርከፍክፋ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ስልኩን ስታነሣ የሰማችው የነዕማን ልጅ የዐርዋን ድምፅ ነው።

«እትዬ የሺ» አለች ዐርዋ።

«ምነው ልጄ? እስቲ እናትሽን ስጪኝ። ሁሉም ደኅና አድረዋል፣ ቅጠል አውጥተዋል በያት።»

«እማ ዛሬ ንጋት ላይ አረፈች። ይዘናት እየመጣን ነው። ቤቱን ይክፈቱልን።»

የሺሀረግ ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠች። መጀመሪያ የመጣባት ሐሳብ፣ ስልኩን ቶሎ ባለማንሣቷ ዐርዋን ያን ያህል ማስጠበቋ ነው። ከዚያ ቁልፉን ከተሰቀለበት አውርዳ ቤቱን ከፈተች፤ ምንጣፎቹን አውጥታ አራገፈች፤ ግቢውን ጠረገች።

ሁለቱ ሴቶች ከአሶሳ ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ የቀርከሃ አጥር ተለያይተው አርባ ዓመት ኖረዋል። የሺሀረግና ባሏ በቃሉ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው እዚህ ሲራገፉ እሷ የሃያ ዓመት ሴት ነበረች። የሰፈሩበት መሬት ቀድሞ ባለቤት እንደነበረው የነገራቸው አልነበረም። ባለቤቶቹንም የጠየቃቸው የለም። በሦስተኛው ሳምንት በቃሉን ወባ ጣለው። ውሃው ሩቅ ነው፤ እሷ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ረጅም ሴት በትከሻዋ ላይ እንጨት አጋድማ፣ በሁለቱ ጫፍ ሁለት ቅል ውሃ አንጠልጥላ መጣች። አንዱን ቅል ፈትታ ደጃፉ ላይ አስቀመጠች። ሌላውን ለቤቷ ይዛ ስትመለስ እንጨቱ ወደ አንድ ወገን ስላዘነበለባት፣ ባዶውን ጫፍ በእጇ ተጭና ነው የሄደችው። የምትናገረው ቋንቋ በርታኛ ነው፤ የሺሀረግ አንድ ቃል አታውቅም። በማግሥቱም መጣች። በቃሉ በእግሩ እስኪቆም ድረስ አሥራ አንድ ቀን እንዲሁ አደረገች።

ያቺ ሴት ነዕማ ናት። አማርኛውን ኋላ ከየሺሀረግ ጋር ስትጨዋወት ለመደችው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» እያለች፣ ግን ሐሳቧን ሳታስቀር።

ነዕማ ትንባሆ ታበቅላለች። ጥቂቱን ራሷ በቅል ጋያዋ ታጨሳለች፤ የቀረውን አድርቃ ሆሞሻ ገበያ ታወርዳለች። ዘሩ ከእናቷ የወረሰችው ነው። ችግኙን የምታፈላበት መደብ ከቤቷ ጓሮ፣ ዶሮና ፍየል እንዳይደርስበት በቀርከሃ ወገብ ድረስ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ቆጥ ሲሆን፣ በላዩ አፈርና አመድ የተደባለቀበት ነው፤ ከፀሐይ የሚጋርደው ስስ የሣር ጣሪያም አለው። ውሃ አይፈስበትም፤ በሣር እስር ይርከፈከፍበታል እንጂ። በጠዋት አንዴ፣ እሱም አፈሩ በጣት ሲነካ ደረቅ ከሆነ ብቻ።

የሺሀረግ ይህን የተማረችው አበላሽታ ነው። ከዓመታት በፊት ነዕማ የወንድሟን ልጅ ልትድር መንጌ ሄዳ ለሳምንት አደራ ሰጠቻት። የሺሀረግ ደስ ላሰኛት ብላ ትኩስ የፍየል በጠጥ በመደቡ ላይ በተነች። ነዕማ ስትመለስ ችግኙ እንዳለ ነድዶ ቢጫ ሆኖ ጠበቃት።

ነዕማ አልተቆጣችም። «የሺ» አለች፤ «አንተ ለተወለደ ልጅ ሥጋ ያበላል?»

«አያበላም።»

«እና? ይኼ ጥርስ የለም!» አለችና አጥሩን ይዛ እስክታነባ ሳቀች።

ከዚያ አሳየቻት። በጠጡ በአሮጌ እንስራ አራት ቀን ይዘፈዘፋል። አንድ ኩባያ ተቀድቶ በአንድ ባልዲ ውሃ ይበጠበጣል፤ ቀለሙ ቀጭን ሻይ መምሰል አለበት። በሳምንት አንድ ጊዜ ይሰጣል። ወዲያው ቅጠሉ እንዳይቃጠል በንጹሕ ውሃ ይርከፈከፋል። ያን ጊዜ ደግነቱ ዘር ተርፏት ስለነበር እንደገና ዘራች።

ዘንድሮ ግን የተረፈ የለም። በበጋው ያለ ወቅቱ በጣለ ዝናብ ጣሪያው አፍስሶ ዘሩ ረጠበ። የትንባሆ ዘር እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ ከሻገተ አይለቀምም። የዳነችውን አንድ ቁንጥር ነዕማ ሚያዝያ ላይ ዘራቻት። ሆስፒታል የሄደች ዕለት ባጃጁ ላይ ተቀምጣ እንኳ ወደ ጓሮ እያየች፣ «ሁሉ እዚያ ነው የሺ። እዚያ ከሞተ፣ የለም» ብላት ነበር።

ቀብሩ በዚያው ዕለት ሆነ። ወንዶቹ ወደ መቃብር ሲሄዱ ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ቀሩ። የሺሀረግ በአገሯ ደንብ ቢሆን ደረቷን እየደቃች፣ ስም እየጠራች ነበር የምታለቅሰው። እዚህ ግን ሁሉ ዝም ብሎ ዱዓ ያደርጋል። እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ወጥ ቤት ገብታ ሠራች።

ለሐዘን ቤት ውሃ ይዞ መምጣት የመንደሩ ልማድ ነው። ለቀስተኛው ለውዱእም ለማብሰያም ብሎ በቢጫ ጀሪካን እየተሸከመ መጣ፤ በርታውም ሰፋሪውም። ሲመለስ ታዲያ መደቡን ያያል። ነዕማ እንዴት ትወደው እንደነበር የማያውቅ የለም። «ሳይጠጣ እንዳይቀር» እያለ ከጀሪካኑ የቀረውን ያፈስበታል። አንዱ ሄዶ ሌላው ሲመጣም እንዲሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሺሀረግ መደቡን ስታይ ጭቃ ሆኗል። ችግኞቹ አንገታቸው ላይ ጠቁረው ወደ አንድ ወገን ተኝተዋል። ከዚህ በላይ አንድ ቀን ውሃ ከፈሰሰበት ምንም አይተርፍም። ግን በሐዘን ቤት፣ በጎ ሊሠራ ውሃ ተሸክሞ የመጣን ሰው እንዴት «አታጠጣ» ይሉታል? ያውም የሚከለክለው የቤቱ ሰው ሳይሆን ጎረቤት ሆኖ?

ዱካ አምጥታ መደቡ አጠገብ ተቀመጠች። ጀሪካን የያዘ በመጣ ቁጥር «አምጡት፣ እኔ አጠጣዋለሁ። እናንተ ግቡ» ትላለች። እንግዳው ዞር ሲል ውሃውን ወስዳ ማንጎው ሥር ትደፋዋለች።

ከማንጎው ጥላ ሥር የነዕማ ታላቅ ወንድም ዓብዱልላጢፍ ከመንጌ መጥቶ ተቀምጧል። ዕድሜውን ወርቅ ሲያጥብ የኖረ ሽማግሌ ነው። ምንጣፉ ከጫፉ መራስ ሲጀምር ጫማውን አንሥቶ አያት።

«ያ የሺ፣ ይኼ ማንጎ ምን በደለ? ከጠዋት ስታጠጣው። ሊሰክር ነው!»

የሺሀረግ አፈረች። ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ነገረችው። «ጋሼ፣ ችግኙ እየሞተ ነው። ሰዉ ለበጎ ብሎ እያፈሰሰ ነው የሚገድለው። ተዉ እንዳልል እኔ እንግዳ ነኝ።»

«እንግዳ?» አለ። «አርባ ዓመት እንግዳ? ወላሂ፣ ነዕማ ይኼን ቢሰማ በጋያው ጭንቅላትህን ይመታል።» ከቀብሩ ወዲህ ሲስቅ ያየችው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በትሩን ተደግፎ ተነሣና ለተሰበሰበው ሰው በበርታኛ ተናገረ። የሺሀረግ ሁሉን አልተከተለችም፤ ስሟን ግን ሁለቴ ሰማች። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት።

«ምን አላቸው?» አለች ዐርዋን።

«‹መደቡ ባለቤት አለው› አለ። ‹ነዕማ ለእኅቷ ለየሺ ሰጥታዋለች፤ እሷ ሳትፈቅድ ጠብታ እንዳይነካው› አለ።»

የሺሀረግ ወደ መደቡ ተመልሳ ጎንበስ አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። የበሰበሱትን አንድ በአንድ ነቀለች። ነፋስ እንዲገባ የሣር ጣሪያውን አነሣች። በቀጭን እንጨት አፈሩን በሳች፤ ደረቅ አመድ ነሰነሰችበት። ለአምስት ቀን ውሃ የሚባል አላሳየችውም። አርባ አንድ ችግኝ ተረፈ። ሲያገግሙ በየሳምንቱ እንደ ሻይ የቀጠነውን ሰጠቻቸው።

በቃሉ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያያታል።

«ትንባሆ የምታሳድግ የወሎ ሴት! ነፍስ አባትሽ ሲጠይቁሽ ምን ልትዪ ነው?»

«አደራ ጠበቅሁ እላለሁ። አንተስ በወባ ተኝተህ የጠጣኸው የማንን ውሃ እንደነበር ነግረሃቸዋል?»

በቃሉ በማግሥቱ እንስራውን ለመሙላት የፍየል በጠጥ በማዳበሪያ ጆንያ ተሸክሞ መጣ።

መንቀያው ሲደርስ ከሁሉ የከበዳት ውሃ መከልከሉ ነው። ነዕማ ችግኝ ከመተከሉ በፊት አሥር ቀን ታስጠማው ነበር፤ «ሥሩ ራሱ ውሃ ይፈልግ፣ ይሂድ» ትላለች። የሺሀረግ ቀትር ላይ ቅጠሉ ሲጠወልግ እያየች ባልዲዋን ታነሣለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና እሷና ዐርዋ አብረው ተከሉት። ሦስቱ ደረቁ፤ ሠላሳ ስምንቱ ያዙ።

አሁን መስከረም ነው። የታችኛው ቅጠል ተለቅሞ ከጣሪያው ሥር በገመድ ተሰቅሏል። ዐርዋ የመጀመሪያውን እስር ለየሺሀረግ ሰጠቻት። የሺሀረግ አታጨስም፤ ግን ተቀብላ የነዕማ ጋያ ከተቀመጠበት መደርደሪያ ላይ አኖረችው። በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ስታልፍ ዛሬም እጇ ባዶ ከሆነ ቅር ይላታል። እዚያኛው ቤት የሚሄድ ነገር ሁልጊዜ አለ፤ ከዚያም የሚመጣ አይጠፋም። ይህን የጀመረችው ነዕማ ናት፤ በአንድ ቅል ውሃ።

ቅጠሉ እንዲወፍር የሌሎቹን ጫፍ ሲቆርጡ ለዘር ብለው የተዉአቸው ሁለት ተክሎች አሉ። አብበዋል። ፍሬው መቼ እንደሚለቀምና ዘሩ እንዴት እንደሚራገፍ የሺሀረግ አይታ አታውቅም፤ በዚያ ወቅት ሁልጊዜ እርሻ ወርዳ ማሽላ ከወፍ ትጠብቅ ነበር። ዐርዋም ከተማ ስለምትማር አታውቅም። ዓብዱልላጢፍ በስልክ ሲጠየቅ «እኔ ማጨስ ነው የማውቅ» አለ። ነዕማ በዚህ ዓመት ልታሳያት ቃል ገብታላት ነበር።

ዘሩ ገና አልተለቀመም።