የማሪሰል ልጅ ሰላምታ

ቅዳሜ ከሰዓት... አሌክሳንድሪያ፣ ማሪሰል ቤት ደጃፍ መኪናዬን አቁሜ፣ ሞተሩን አጥፍቼ ቁጭ አልኩ። ከሲልቨር ስፕሪንግ እዚህ ድረስ ነድቼ መጥቼ፣ አሁን ደግሞ ልመለስ ወይስ ልግባ እያልኩ።

ማሪሰል ፊሊፒናዊት ናት። ነርሲንግ ሆም ውስጥ አብረን ስንሠራ ብዙ ዓመታችን ነው። ሁለታችንም የመጀመሪያ ልጃችንን ያረገዝነው እዚያው እየሠራን ነው። ሆዳችን እኩል ሲገፋ የምንንከባከባቸው አዛውንቶች «ማን ይቀድማል?» እያሉ ይወራረዱብን ነበር። እሷ ጆሽዋን ወለደች። እኔ ሚኪያስን ወለድኩ። እሷ ቀደመች።

ሚኪያስ ካረፈ ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ጆሽዋን አይቼው አላውቅም። ልጁ ምንም አላደረገኝም። ግን እሱን ሳይ የእኔ ልጅ አሁን ምን ያክል ይሆን ነበር ብዬ ማሰቤ አይቀርም... ያንን ፈራሁ። ማሪሰልም ገብቷት አንድ ቀን እንኳ ነይ ብላ አላስጨነቀችኝም።

ባለፈው ሳምንት ግን ኮል አደረገችልኝ። ጆሽዋ ከፊሊፒንስ ተመልሷል። ውጭ አገር ያደጉ የፊሊፒንስ ልጆችን በየሰመሩ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ሰብስቦ አገራቸውን የሚያሳይ ፕሮግራም አለ። ታሪካቸውን ይማራሉ፤ ባለሥልጣናት ያነጋግሯቸዋል፤ ገጠር ወርደው ከሰው ጋር ይውላሉ። ነገ ለወገኖቻቸው መሪ እንዲሆኑ ነው አሉ።

«አንቺ ሳትመጪ ኬኩን አልቆርስም፣» አለችኝ። «የመሪ አቀባበል ነው። መሪው ግን አሁንም ካልሲውን የትም ነው የሚጥለው።»

ከመኪናው ወረድኩና ገባሁ።

ሶፋው ላይ የማሪሰል እናትና አክስቶቿ ተደርድረዋል። ጥግ ላይ ቦታ ሰጡኝ። ጊዜው ፍልሰታ ነው። ማሪሰል ሰሃን ይዛ መጣች።

«ጾም እንደሆንሽ አውቃለሁ። ለአንቺ ብዬ ሥጋ የሌለው ኑድል ሠርቻለሁ።»

«ይሄ ቀዩ ምንድን ነው?»

«ሽሪምፕ ነዋ። የባሕር ነገር ደግሞ ሥጋ ነው እንዴ?»

ሙዝ በላሁ።

የጆሽዋን ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ። ሩዝ ማሳ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ገብቶ ይስቃል። ከመሄዱ በፊት በቋንቋቸው ስታናግረው በእንግሊዝኛ ነበር የሚመልስላት። ያው እንደኛ ልጆች። አሁን ግን ከአያቱ ጋር እየተሰባበረም ቢሆን ያወራል አለችኝ። «ጥሩ ነው፣» አልኳት። ፎቶ ማየት ምንም አላለኝም። ፎቶ አይንቀሳቀስም።

ከዚያ ልጁ ራሱ ከላይ ወረደ።

ጥልፍ ያለው ስስ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ቁመቱ የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አልቀረው። ድሮ የጆሮ ማዳመጫውን እንኳ ሳያወልቅ «ሃይ» ብሎኝ የሚያልፍ ልጅ ነበር። አሁን ሶፋው ላይ ያሉትን ሴቶች አንድ በአንድ ሰላም እያለ ወደ እኔ መጣ። እንዴት ሰላም እንደሚላቸው አላየሁም። ወለሉን ነበር የማየው።

«ቲታ፣» አለኝ። በእነሱ አክስት ማለት ነው።

እጄን ሰጠሁት። የሚጨብጠኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ጎንበስ አለና የእጄን ጀርባ ግንባሩ ላይ አደረገው።

እኔ እንጃ... እጄ በራሱ ጊዜ ተገለበጠ። መዳፌን ግንባሩ ላይ ለጠፍኩት። ቀጥዬ አንገቱን ነካሁት።

«ትኩሳት የለህም፣» አልኩት።

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ።

«አላመመኝም እኮ ቲታ፣» አለ ጆሽዋ ግራ ተጋብቶ።

እኔ አልሳቅሁም። አላፈርኩምም። ሚኪያስ ታሞ ተኝቶ በነበረበት ጊዜ የዚህ እጅ ሥራ ይኸው ብቻ ነበር።

ማሪሰል በሳቅ የፈሰሰ እንባዋን እየጠረገች፣ «ሰላምታ ነው እኮ!» አለች። «እኛ አገር ልጅ ትልቅ ሰው ሲያገኝ እንዲህ ነው የሚያደርገው። እኔ ዕድሜ ልኩን ለምኜው እምቢ ያለኝን እዚያ ሄዶ ተምሮት መጣ። በይ አሁን መርቂው!»

«ምን ልበለው?»

«እናንተ ለልጅ የምትሉትን ነዋ።»

የምንለው አለ። ልጅ ወንበር ሲለቅልን፣ ውኃ ሲያቀብለን፣ ሳናስበው ከአፋችን የምትወጣ አንዲት ቃል ናት። ሚኪያስን ከቀበርኩ ወዲህ ግን ለማንም ብያት አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ልጆች ወንበር ሲያመጡልኝ «ቴንክዩ» ነው የምላቸው። ልብ ያለም ሰው የለም። ለእኔ ልጅ በቀን ስንቴ ነበር የምላት... ምን ፈየደች?

ጆሽዋ እጄን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ይጠብቃል። ማሪሰል ፊቴን አየችና ሳቋን ተወችው።

«በቃ ተዋት፣ ቀና በል፣» አለችው ቀስ ብላ።

«ሳትመረቁ ቀና እንዳትሉ ነው የተባልነው፣ ማሚ፣» አለ። እንደጎነበሰ፣ «ግን ቲታ... ወገቤን።»

«እደግ፣» አልኩት።

ድምፄ እንደ ሌላ ጊዜው ነበር። ይሰበራል ብዬ ነበር፤ አልተሰበረም። ልጁ ቀና አለ።

«ምን አልሽው?» አለች ማሪሰል።

«እደግ ነው ያልኩት። ትልቅ ሁን፣ ጨምር ማለት ነው።»

ማሪሰል ጭንቅላቷን ያዘች።

«ኧረ በእግዚአብሔር፣ ይቅርብኝ! አሁንስ መቼ ልኩ የሆነ ጫማ ተገኘ? ከዚህ በላይ ካደገማ ጣራዬን ቀዶ ይወጣል!»

«ይቅደደው፣» አልኳት። «ጣራ ይሠራል።»