የንጋትወርቅ ነፋስ

ንጋትወርቅ ከወረኢሉ ወርዳ አዋሽ ዳር ካለው የጥጥ መዳመጫ ፋብሪካ ስትቀጠር ጣቶቿ አሥር ነበሩ። በ1979 ዓ.ም. ስምንት ቀርተዋል። ሁለቱን የመዳመጫው ጥርስ በላቸው፤ ጥጥ ሲታነቅ በእጅ መግፋት የቤቱ ልማድ ነበራ! ማንንም አልረገመችም። አጠገቧ የምትሠራዋን የወጣቷን የታንጉትን ለጋ እጅ ባየች ቁጥር ግን ሆዷ ይባባል።

የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ከማሉዲን ከአሮጌ ራዲዮ ዕቃ አንዲት ሣጥን ገጣጠመ። የብርሃን ዓይን አላት፤ እጅ ወደ ጥርሱ ሲጠጋ መኪናውን ታቆማለች፤ ስንት ጊዜ እንዳቆመችም በቀይ ቁጥር ታሳያለች። ጉድ የተባለላት ሣጥን በመጀመሪያው ቀን አርባ ሦስት ጊዜ አቆመች። የጥጥ ብናኝ ዓይኗን እየሸፈነ አስቸገረ። ሠራተኛውም ምን ይሳነዋል፣ «ዓይናራሟ» ብሎ ስም አወጣላት። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቀም። «ኮታችንን በላችው፤ እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለች ትነቀል» አለ።

ንጋትወርቅ ከማሉዲንን በር ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«አንተ፣ ይቺን ስትሠራ እኛን ጠይቀሃል?»

«ወላሂ አልጠየቅሁም፣ እታለም።»

«መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥም። ያንተዋማ ሳምንትም አልሞላት። በል ና!»

ከመኪናው ጎን የማራገቢያው ሽፋን ተሰንጥቆ ነፋስ ያወጣል። በዚያ በሚጠብስ ሐሩር ሴቶቹ ፊታቸውን የሚያበርዱት እዚያ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የመጀመሪያው ተራ የንጋትወርቅ ነበር፤ ቀድሟት ለሚቆም ወዮለት!

ንጋትወርቅ ስንጥቁን አሳየችው። «ነፋሱ ይጠርገዋል፤ እዚህ ብናኝ ሲያርፍ አይቼ አላውቅም። ጥርሱም ከዚህ ይታያል፤ ዓይኗን እዚሁ ትከላት።»

«ነፋሳችሁ ይዘጋል እኮ!»

ሴቶቹ ተንጫጩ። «ያለችንን አንዲት ነፋስ ደግሞ ልትነጥቂን?» አሏት። ንጋትወርቅ ስምንት ጣቶቿን ዘርግታ አሳየቻቸው። አንድ በአንድ ከስንጥቁ ፊት ገለል አሉ። ከማሉዲን መፍቻውን አወጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ፒንሳ የያዘ ሰው አስከትሎ መጣ። ንጋትወርቅ ላቧ እየተንጠባጠበ ሣጥኗ ፊት ቆማለች። ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አየ።

«ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ?» አለ ተገርሞ። «ይቺ አንዷስ የምን ናት?»

ንጋትወርቅ ከኋላዋ መዳፎቿን ገና ደረቷ ላይ አጣብቃ የቆመችውን ታንጉትን ሳብ አድርጋ የልጅቷን እጆች ከፍ አደረገችለት።

«ይችውልዎ፣ ጓድ። ይቁጠሩ፤ አሥር ናቸው።»