የጌታው ታክሲ

የታክሲ ሾፌሮቹ ባሏን «ጌታው» ይሉታል። ስሙ የወጣለት በመኪናው ነው፤ ዝናብ ጥሎ የሌላው ሰው ታክሲ እስከ መስኮቱ ጭቃ ሲለብስ የሱ እንደ መስታወት ያበራል። የሚያጥበው ግን እሱ አልነበረም። ሚስቱ፣ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስትተኩስ የምትውለው ሴት፣ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ባልዲና ጨርቅ ይዛ ግቢ ትወጣና ከጎማ እስከ ጣሪያ ትወለውለዋለች። ውስጡን ራሱ ያጸዳል። በሩን አያስነካትም።

አንድ ጠዋት ሳይቆልፈው ወደ ቤት ተመለሰ። እሷ ዳሽቦርዱ ላይ አቧራ አየችና ልጥረግ ብላ ገባች፤ ከዚያ ሳታስበው የሾፌሩ ወንበር ላይ ተደላድላ መሪውን በሁለት እጇ ያዘች። መኪና መንዳት ከልጅነቷ ጀምሮ ያምራት ነበር። አፍ አውጥታ ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ባሏ ሲወጣ አያት። በሻሿ ጎትቶ ሲሚንቶው ላይ ጣላት። ጎረቤቱ በየበሩ ብቅ ብቅ አለ።

«ሾፌር ልትሆኚ አማረሽ? መጥበሻ መሰለሽ እንዴ?» አለና ወደ ጎረቤቶቹ ዞረ። «ነገ ደግሞ እኔን ሽንኩርት አስከትፋ እሷ ልትወጣ ነው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ትምህርት ልትጀምር የደረሰች ሴት ልጃቸውም ሰው ሲስቅ አይታ እያጨበጨበች ሳቀች። እናትየዋ ጉልበቷን አራግፋ ተነሣች፤ ባልዲዋን አንስታ የቀራትን ጎማ አጥባ ጨረሰች።

ያን ዕለት ከሥራ ስትወጣ ታናሽ እህቷ ቤት ጎራ አለች።

«መንጃ ፈቃድ አወጣለሁ። ከዚያ ያንኑ መኪና እነዳለሁ። ሌላ መኪና አልፈልግም።»

«አብደሻል? እሱ እያለ?»

«እሱ እያለ ነው እንጂ! እሱ ካላየማ ምን ዋጋ አለው?»

ቤት «ትርፍ ሰዓት ሥራ አለብኝ» እያለች መንዳት መማር ጀመረች። አስተማሪዋ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር፤ ፍሬን በረገጠች ቁጥር «ቀስ በይ፣ በረሮ አይደለም!» ይላታል። ወደ ኋላ መንዳት ጨርሶ እንቢ አላት። አንሶላ ስትተኩስ ከጠረጴዛው ሥር በግራ እግሯ ፍሪሲዮን፣ በቀኟ ነዳጅ እየረገጠች ትለማመዳለች፤ ባልደረቦቿ እግሯን የሚያማት ይመስላቸው ነበር። ፈተናው ደጋግሞ ጣላት። በመጨረሻ አለፈች።

«ታዲያ መቼ ትነግሪዋለሽ?» አለቻት እህቷ።

«ምን አስቸኮለኝ?»

ዓመታት ሄዱ። ባሏ ስኳር ነበረበት፤ ሐኪም ያለውን አይሰማም። እግሩ ጣት ላይ የወጣች ቁስል እየሰፋች ሄዳ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በላይ አስቆረጠችው። ከሆስፒታል ወጥቶ አልጋው ላይ ደገፍ እንዳለ «መኪናውን ወንድሜ ይንዳው» አለ።

ሚስቱ ቁልፉን ከተሰቀለበት አወረደች። «እኔ ነኝ የምነዳው።»

ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ሞተሩ ሲነሳ ሰማ። በመስኮት ሲያይ፣ እሱ ራሱ ስንት ጊዜ መኪናውን የጫረበትን ጠባብ የግቢ በር ወደ ኋላ እየነዳች፣ ሳታስነካ ወጣች። «ኧረ አንቺ!» ብሎ ከአልጋው ዘሎ ሊወርድ ሲል እግሩ አለመኖሩን ረሳ።

ተመልሳ ስትገባ ወለሉ ላይ ወድቆ አገኘችው። ቶሎ አላነሳችውም። በሩን ተደግፋ ትንሽ አየችው።

ቁስሉ ሲደርቅ አንድ ጠዋት ልብሱን አለባብሳ «ተነስ፣ ሥራ እንሂድ» አለችው። ጋቢና አስቀምጣው በቀጥታ የታክሲ ተራው ጋ ወሰደችው። ጓደኞቹ ከበቡት።

«ጌታው! ዛሬ በዚያ በኩል ሆንክ?»

«ረዳቴ ነው» አለች ሚስቱ። «በር ይከፍታል፣ በር ይዘጋል።»

ሳቁ ተራውን ሞላው። እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ አገጩ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷ ይህን አይታ ደስ አላት። ስትመኝ የኖረችው መንዳቱን ብቻ እንዳልነበረ ያኔ ገባት፤ አላፈረችበትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሾፌሮቹ «ረዳቱ» ይሉት ጀመር። የሆቴሉን ሥራ ትታ በየቀኑ ይዛው ትወጣለች። እሷ ምሳ ስትበላ ፀሐይ ላይ የቆመው መኪና ውስጥ ይጠብቃታል። ሽንቱ ሲመጣ «ተሳፋሪ አለ፣ ቻለው» ትለዋለች። አንድ ቀን መቻል አቃተው። ተራው ጋ ስትደርስ አራቱንም በሮች ከፈተችና «ይናፈስ» አለች።

ልጅቷ አሁን ለአካለ መጠን ደርሳለች። የአባቷን ሱሪ አጥባ ስታሰጣ እናቷን ያዘቻት።

«እማዬ፣ በናትሽ ቤት ይዋል። እኔ እጠብቀዋለሁ።»

«ብቻውን ይከፋዋል።»

«ሲለምንሽ እኮ ሰምቻለሁ!»

«እኔስ ሲሚንቶ ላይ ስወድቅ ማን አነሳኝ? አንቺም ስቀሻል።»

ልጅቷ ምንም ትዝ አላላትም። «መቼ?» አለች። እናቷ ቁልፏን ይዛ ወጣች።

ሰውየው መድኃኒቱን ከምላሱ ሥር እየደበቀ መትፋት ጀመረ። ልጁ ደርሳበት ስታለቅስ «ተይኝ፣ ልረፍበት» አላት። ክረምቱ ሳይወጣ ጋቢና ውስጥ እንደተቀመጠ አረፈ። ሚስቱ ተሳፋሪ እያደረሰች ነበር፤ የተኛ መሰላት።

ለቅሶው ላይ የታክሲ ሾፌሮቹ በሙሉ መጡ። አንጋፋው ተነስቶ ተናገረ። «እንደዚህች ያለች ሚስት አላየሁም። እግሩ ሲቆረጥ ቤት አልጣለችውም። እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ከጎኗ አልለየችውም።» ሴቶቹ እንባቸውን ጠረጉ። አንዷ ጎረቤት «ለኔም እንዲህ ያለ ልብ ይስጠኝ» አለች።

ባልቴቷ ጎንበስ ብላ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ልጅቷ ብድግ ብላ ሰውን እየረገጠች ወጣች፤ ሐዘን ነው ብለው አሳለፏት። የዚያኑ ሳምንት ልብሷን ሰብስባ አክስቷ ቤት ገባች።

አክስትየዋ ልታስታርቅ መጥታ እህቷን መኪናውን ስትወለውል አገኘቻት።

«ያሰብሽው ሞላልሽ። ልጅሽ ግን ‹ስሟን እንዳትጠሩብኝ› ትላለች። አሁንስ ምን ቀረሽ?»

«አሁንማ ሥራ አለብኝ» አለች፤ ጨርቁን ጨምቃ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ሞተሩን አስነሳች። እህቷ ከመንገዱ ዞር አለችላት።