ጎጆ ያለው ወንድሜ

እናትና አባታችን በአንድ ክረምት በተስቦ ሲሞቱ እኔ የዘጠኝ፣ ወንድሜ የአራት ዓመት ልጆች ነበርን። እኔን አክስቴ አምቦ አምጥታ አሳደገችኝ፤ ሁለት ልጅ ግን አልቻለችም። እሱን ጎጆ ከተማ አጠገብ የሚኖሩ ልጅ ያልወለዱ ገበሬና ሚስቱ በጉዲፈቻ ወሰዱት። አክስቴ «ደህና ቤት ገብቷል» ከማለት በቀር የሰዎቹን ስም ሳትነግረኝ ሞተች።

ፍለጋ የጀመርኩት ከትምህርት ቤት ጸሐፊነት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። መኪና እየቀየርኩ ጎጆ እወጣለሁ። በቀበሌው፣ በቤተ ክርስቲያኑ፣ በገበያው የወንድሜን ስም ከአባታችን ስም ጋር እየጠራሁ እጠይቃለሁ። «እንዲህ የሚባል የለም» ይሉኛል። አራት ጊዜ ሄጄ አራቱንም ጊዜ ባዶዬን ተመለስኩ።

አንድ ቀን አምቦ ገበያ ድንች ስመርጥ ከጎጆ የመጣችው ሻጭ አሮጊት ትኩር ብላ አየችኝ።

«አዴ፣ ጎጆ ሰው ስትፈልጊ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ በሞተ ሰው ስም ሕያው ሰው ይፈለጋል? በጉዲፈቻ የገባ ልጅ የሚጠራው ባሳደገው አባት ነው። ደግሞስ ገበያ መሃል ቆመሽ ‹የእገሌ ልጅ የእገሌ አይደለም በሉኝ› ስትዪ ማን አፉን ይከፍታል? ነውር ነው። ፊደል የቆጠርሽ ትመስዪኝ ነበር!»

አፈርኩ። በኦሮምኛ አፌን የፈታሁ ሰው ይህ እንዴት እንደጠፋኝ አላውቅም። የለም ያሉኝ ሰዎች የሰው ቤት እየጠበቁ ነበር። ከወር በኋላ ሴትዮዋ ከራሱ ከወንድሜ የተቀበለችውን ስልክ ቁጥር አመጣችልኝ።

ስደውልለት ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። «አዝላኝ ወንዝ የምታሻግረኝ ልጅ ትዝ ትለኛለች» አለ። እኔም ዕድሜውን፣ የልጆቹን ቁጥር፣ ያለውን ከብት ተራ በተራ ጠየቅሁት።

«እህቴ፣ ግብር ልታስከፍዪኝ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ልምጣ ስለው ግን ከለከለኝ። «እናቴ በሕይወት አለች። አልወለድኩህም ብላኝ አታውቅም። ደጃፏ ላይ ካየችሽ ልትወስጂኝ የመጣሽ ይመስላታል። በክብር ልሸኛት፤ ከዚያ እኔው መጥቼ ወደ ቤቴ እወስድሻለሁ።»

«እንግዲያው አንተ አምቦ ና።»

«የት ነበርክ ስትለኝ አልዋሻትም።»

ልክ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ያን ጊዜ አገሩ ሰላም ነበር።

ሁለት ዓመት ያህል በስልክ ብቻ ተነጋገርን። ከዚያ በዚያ አካባቢ ተኩስ ይሰማ ጀመር። ወሬው ሲከፋ «ጦርነቱ ሳይደርስ እንተያይ» ብዬ ለመንኩት። «በጣም ደክማለች፤ ትንሽ ታገሺኝ» አለ። የማላውቃትን ሴት ሞት እየጠበቅሁ እንደነበር አውቃለሁ፤ ንስሐ ገብቼበታለሁ።

እናቱ የሞተች ዕለት ደወለ። «ለሣልስቷ ድረሺልኝ» አለ። በማግስቱ መናኸሪያ ሄድኩ። ተራ አስከባሪው «እማማ፣ በዚያ መስመር የሚወጣ መኪና የለም፤ መንገዱ ተዘግቷል» አለኝ። በነጋታውም ሄድኩ። በሳምንቱ ስልኩም ተቋረጠ።

ከወራት በኋላ መስመሩ ሲከፈት ያነሳችው ሴት ልጁ ናት። ስሜን ስነግራት «አዳዳ!» አለች፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። እስከዚያ ቀን ማንም እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

«አባባ የአያቴ ሣልስት ዕለት ስለእርስዎ ነግሮናል» አለች። «ኋላ ታመመ። ሐኪም ቤት የሚያደርሰው መኪና አጣን። ከሞተ አርባው አልፏል።»

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ተቀመጥኩ። ጎረቤቶቼ ተሰበሰቡ።

«ማን ነው የሞተብሽ?»

«ወንድሜ።»

«ወንድም ነበረሽ እንዴ?» አለች አንዷ፣ ዘመናችንን አብረን ስንኖር ስላልነገርኳት ቅር ብሏት። ቆይታ ግን አጠገቤ ተቀመጠችና «እስቲ ስለእሱ አንሺልን፤ ምን ዓይነት ሰው ነበር? መልኩስ?» አለችኝ።

እኔ የማውቀው የአራት ዓመት ልጅ መልክ ነው። እሱኑ ነገርኳቸው።