ስልኩ ያላወቃት ጣት

አክስቴ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትተኩስ ኖረች። አንሶላ፣ የሐኪም ጋዋን፣ የቀዶ ጥገና ጨርቅ። ጡረታ የወጣች ዕለት ባልደረቦቿ ንግግር አድርጊ ቢሏት፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ስተኩስ አንድ ሰው አልገደልኩም፤ ተመስገን» ብላ ቁጭ አለች ይባላል። ከዚያ ክፍል ይዛ የወጣችው የወገብ ሕመምና ልሙጥ ጣቶች ነው። እንፋሎቱና የጋለው ጨርቅ የጣቶቿን ጫፍ አድርቆ እንደ ወንዝ ጠጠር አለስልሶታል። ልጅ ሳለሁ ትኩሳቴን ለመለካት ግንባሬን ስትነካኝ፣ እጇ የሰው ሳይሆን የወረቀት ይመስለኝ ነበር።

እህትማማቾቹ ሦስት ነበሩ፤ መካከለኛዋ እናቴ ናት። እናቴ ካለፈች ወዲህ፣ ሩቅ አገር የምትኖረው ታላቃቸውና አክስቴ እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ በስልክ ይገናኛሉ። አክስቴ ቁልፎቹ የተላጡ አሮጌ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ዓይን ለዓይን አልተያዩም፤ ድምፅ ግን ተቋርጦባቸው አያውቅም።

ከዚያ ታላቅየዋን ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት፤ አንደበቷም ተዘጋ። ሐኪሞቹ ለልጇ ብዙ ተስፋ እንዳታደርግ ነግረዋታል። በመጀመሪያው እሑድ ልጇ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘችላት። አክስቴ ከወዲህ «እቴቴ… እቴቴ…» ትላለች፤ ከወዲያ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች።

«ፊቷን ማየት አለብኝ» አለችኝ። «አፏ እምቢ ካለ በፊቷ ታናግረኛለች። ሳትሄድብኝ፣ ያንን ሰው የሚያሳየውን ስልክ አምጣልኝ።»

በሳምንቱ ገዝቼላት ሄድኩ። ሲም ካርዷን አዛወርኩ፤ የፊደሉን መጠን አተለቅኩ፤ ጥሪውን ቤት እስኪያናውጥ ከፍ አደረግኩ። አክስቴ የምሳውን ዕቃ አጥባ ስትጨርስ፣ እጇን በቀሚሷ ጠረግ ጠረግ እያደረገች መጥታ ከአጠገቤ ተቀመጠች።

«በይ እትዬ፣ ሲጠራ ይቺን አረንጓዴዋን ነክተሽ ወደ ላይ ትስቢያለሽ።»

«እንደ ዚፕ።»

«እንደ ዚፕ።»

ጓዳ ገብቼ በራሴ ስልክ ሰባት ጊዜ ደወልኩላት። ሰባቱንም አነሳች። በስድስተኛው፣ «ምነው አንተ ልጅ፣ ሌላ ወዳጅ የለህም?» አለችኝ። ስንሳሳቅ ቆየንና የጣቷን አሻራ ላስመዘግብ ሞከርኩ። በዚያ መሐል ጣቷ ደርቆ ኖሯል፤ ስልኩ «እንደገና ይሞክሩ» እያለ አምስት ጊዜ መለሰን። ነገሩን ናቅኩትና ትቼው ወደ ጉዳዬ ሄድኩ። ሰው ሁሉ እንደሚቸኩለው ቸኩዬ ነበር። ያቺን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

በተከታዩ ሳምንት መካከል ብቅ ብዬ «ተያያችሁ?» ስላት፣ «ደህና ነው» አለችኝና ወሬ ቀየረች። ስልኩን በገዛሁላት በሦስተኛው እሑድ፣ ምሳ ሰዓት ላይ የታላቅየዋ ልጅ ደወለችልኝ።

«እትዬ ተቀይማናለች እንዴ? ሁለት እሑድ ሙሉ ደወልን፤ አታነሳም። እማዬ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ትጠብቅና ዕንባዋ ይወርዳል።»

እየሮጥኩ ሄድኩ። አክስቴ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ንጹሕ ሻርፕ አድርጋ ተቀምጣለች። ስልኩ ተተኩሶ በተነጠፈ ነጭ ጨርቅ ላይ እንደ ሕፃን ተኝቷል። አየሁት፤ ዐሥራ አንድ ያመለጠ ጥሪ።

«እትዬ፣ ለምን አታነሺም?»

«እኔማ አነሳለሁ። እሱ ነው የማያነሳው።» ፊቷን አዞረች። «እስበዋለሁ፣ እስበዋለሁ፤ አያውቀኝም። ሰባት ጊዜ አስተምረኸኝ ስምንተኛ ልጠይቅህ? ምሁር አሳድጋ ራሷ ደንቆሮ ቀረች እንዳትለኝ ፈራሁ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስልኩ ጮኸ። አክስቴ ጎንበስ ብላ አረንጓዴዋን ሳበች። ምንም። ደግማ ሳበች። ምንም። እኔ ላነሳው እጄን ስዘረጋ፣ ጣቷ ላይ ዓይኔ ዐረፈ፤ ነጭ፣ ደረቅ፣ ልሙጥ። ያን ጊዜ የምሳው ዕቃ፣ ውሃው፣ በቀሚስ የተጠረገው እጅ ትዝ አለኝ።

«እትዬ፣ ጣትሽን አርጥቢው!»

«በእርጥብ እጅ ኤሌክትሪክ?» ደንግጣ አየችኝ። በማጠቢያው ክፍል ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ትእዛዝ ነበር፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አልተላለፈችውም። ለዚህ ጥሪም ስትዘጋጅ እጇን ታጥባ፣ ሁለት ጊዜ በፎጣ አድርቃ ነው የተቀመጠችው።

«አይጎዳሽም። የከሰሉን ካውያ መጋሉን እንደምትለኪው አድርጊው!»

ይህን ስላት እጇ ከሐሳቧ ቀደመ። ጣቷን ምላሷ ላይ ነካ አድርጋ ስክሪኑን ሳበችው።

ታላቅየዋ መጣች። ግማሽ ፊቷ ወርዷል፤ ዓይኖቿ ግን የእናቴ ዓይኖች ናቸው። ሁለቱ እህትማማቾች ለረጅም ጊዜ ተያዩ። አክስቴ ሻርፗን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች።

«አረጀሁብሽ፣ አይደል?» አለች። ከወዲያ መልስ የለም። ያቺን ጣቷን ወደ ስልኩ አነሳች። «በምን እንዳነሳሁሽ ታውቂያለሽ፣ እቴቴ? ባስተማርሽኝ ነው። የአባባን ሱሪ ያቃጠልኩ ዕለት ‹እርጥብ ጣት ሳታስቀድሚ ካውያ አታሳርፊ› ብለሽ የመታሽኝን ረሳሽው?»

የታላቅየዋ ከንፈር በግራ በኩል ብቻ ከፍ አለ። ቀስ ብላ ግራ እጇን ወደ አፏ ወሰደች፤ ጣቷን አረጠበች፤ ወደ እኛ አመጣችው። ስክሪኑ በአንድ ጣት ጨለመ።

«ጭስስ…» አለች አክስቴ በሹክሹክታ። «ግሏል።»

አምስት እሑድ እንዲህ ተያዩ። አክስቴ ከስልኩ አጠገብ ውሃ ያለበት ትንሽ ሲኒ ታስቀምጣለች፤ ገና ሳይጠራ ጣቷን ትነክራለች።

ከዚያ በኋላ በአንድ ረቡዕ ጠዋት ልጠይቃት ሄጄ ሳለ ስልኩ ጮኸ። አክስቴ የሚበራውን የእህቷን ልጅ ስም አየች። ሲኒው እዚያው ነበር። እጇን ግን አንስታ በቀሚሷ ላይ፣ ደጋግማ፣ እስኪደርቅ ጠረገችው።

«አንተ አንሳው» አለችኝ።