ጣይባ ያልካደችው

ጣይባ ቁጡ ናት። ይህን ደብቆ ስለ እሷ መልካም ማውራት አይቻልም። ዓረብ አገር በሰው ቤት ስትሠራ ለዓመታት ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ኖራለች። ውሏን ጨርሳ ኮምቦልቻ በገባች ማግሥት ግን ከጎረቤቷ ከፋሲካ ጋር በዝናብ ውሃ መውረጃ ተጣሉና በእጇ የያዘችውን ጀሪካን ወረወረችባት። የፋሲካ ግንባር ተፈንክቶ ጤና ጣቢያ ተሰፋ። ፋሲካም እንደተናደደች ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ከሰሰች።

ወሎ ነውና ነገሩ ለፖሊስ ብቻ አልተተወም። አበጋሩ ሼህ ሚስባህ፣ የአገሬው አስታራቂ፣ ሁለቱን ጠርተው ግቢያቸው አስቀመጧቸው። እሳቸው ፊት የበደለ ሰው በደሉን በገዛ አፉ ይናገራል፤ ከዋሸ እርቁ እርቅ አይባልም። ጣይባ ምንም ሳታድበሰብስ ተናገረች፣ ፋሲካም ይቅር አለች። ሼሁ መረቁ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አሜን አለ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገሩ አለቀ ብሎ ተቀመጠ። አበጋር ፊት ያለቀ ነገር ፍርድ ቤትም ያልቅ እንደሆነ መጠየቅን ማንም አላሰበም። መጥሪያው ሲመጣ ጣይባ ክው አለች። እንደገና ዓረብ አገር ለመሄድ ላገኘችው አዲስ ሥራ ሰነዷን የሚያስጨርስላት አቤ የሚባለው የኤጀንሲ ሠራተኛ ደግሞ ጭራሽ አስጨነቃት።

«ለቪዛው ከወንጀል ነጻ የሚል ማስረጃ ይጠይቃሉ። ትንሽ ጥፋትም ብትሆን ከተፈረደብሽ አሻራ ስትሰጪ ትወጣለች። ያኔ ቪዛውን እርሺው።»

ቪዛው ማለት ደግሞ የልጇ የሰልዋ ትምህርት ነው። ሰልዋ ደሴ አክስቷ ዘንድ ሆና ነርስነት ትማራለች።

«አብሽሪ» አለቻት ፋሲካ። «እኔው አንሸራቶኝ ወደቅኩ እላለሁ። ከሳሿ እኔ አይደለሁ?»

እንዳለችውም አደረገች። ዳኛው ፊት ቆማ ዝናቡንና ጭቃውን ስትረግም ለተመለከታት እውነቷን ነበር የሚመስለው። ዳኛው ወደ ጣይባ ዞሩ። ዝም ብትል ኖሮ ማን ይፈርድባት ነበር? እኔ አልፈርድባትም።

«ክቡር ዳኛ፣ እሷ ለእኔ አዝና ነው» አለች ጣይባ። «ወላሂ፣ የመታኋት እኔ ነኝ። ታርቀናል፤ ግን መትቻታለሁ።»

ዳኛው እርቁን ቆጥረውላት በቀላል መቀጮ ለቀቋት። ፋሲካ ከበር ሳይወጡ ጮኸችባት።

«አንቺ እብድ! ምን ነክቶሽ ነው?»

«ሼሁ ፊት መታኋት ብዬ እዚህ ብክድ፣ ምኑን ታረቅነው? ደግሞስ አንቺ ለእኔ ብለሽ በሐሰት ትማይ?»

እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤት ቢሆነኝ ጀሪካኑንም እችለዋለሁ።

አቤ ያለው አልቀረም። ማስረጃው ጥፋቷን ይዞ ወጣ፣ ቪዛውም ተከለከለ። ጣይባ ፋሲካን አጠገቧ አስቀምጣ ለሰልዋ ደወለች። እንደማትሄድና ትምህርቷ እንዴት እንደሚቀጥል ገና እንደማታውቅ ሳትሸፋፍን ነገረቻት። ጣይባ ለቅሶ ለመስማት ልቧን አጠንክራ ጠበቀች።

«እማ» አለች ሰልዋ፣ «እንግዲያ ዘንድሮ ዒድን አብረን ልናሳልፍ ነዋ?»

ዳኛ ፊት ድምጿ ያልተሰበረው ጣይባ ስልኩን ፋሲካ እጅ ላይ ጥላ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«አዎ የኔ ልጅ» አለች ፋሲካ፣ «ዒድን እዚሁ ናት።»