ሳቢት ለጀልባው የሠራው ወለል

ሳቢት ጭሮ ከተማ ውስጥ የጫት መኪና ካሶኒ ወለል ሲሠራ ነው ፀጉሩ የሸበተው። የሚፈራው ነገር ጥቂት ነው፤ አንዱ የቆመ ውኃ ነው። ጫት ውኃ ተርከፍክፎበት ስለሚጫን፣ ውኃው ወለሉ ላይ ከቆመ እንጨቱ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከእጁ የሚወጣ ወለል ሁሉ የውኃ መውጫ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳ የሌለውን ሲያይ፣ «ይኼ ወለል አይደለም፣ ገበቴ ነው» ይላል።

ባለፈው ክረምት ከቦኬ ወዲያ ያለው ግድብ ከልኩ በላይ ሞላና ሚስቱ ሀዲያ ወደተወለደችበት መንደር የሚወስደውን መንገድ ዋጠው። እናቷ እማማ ሉባባ ማዶ ታመው ተኝተዋል። ዙሪያውን የሚሄደው መንገድ ደግሞ ለሀዲያ ጉልበት የሚቻል አልነበረም። አሮጊቷ በስልክ፣ «ልጄን ሳላያት እንዳልሄድ» ማለት ከጀመሩ ወዲህ ሀዲያን ሥራውም እንቅልፉም አልሆን አላት።

በዚህ መሐል እንዳሻው የሚባል ነጋዴ ገበያተኛ ሊያሻግርበት አንድ አሮጌ የፋይበር ጀልባ ከዝዋይ በመኪና አስጭኖ አመጣ። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። ሳቢት ወለሉን በመሮ ወጋ ሲያደርገው ግን መሮው እስከ እጀታው ገባ። የወለሉ ኮምፔንሳቶ የራሰ ዳቦ ሆኗል፤ ከሥሩ የተጋደሙት ተሸካሚ እንጨቶችም በእጅ ይታፈሳሉ።

«ይድናል?» አለ እንዳሻው።

«ውኃው መውጫ አጥቶ ነው ያበሰበሰው። እሠራልሃለሁ፤ ግን መጀመሪያ የምታሻግራት ሀዲያን ነው።»

ተስማሙ። ሳቢት የበሰበሰውን ጠርጎ አወጣ፣ ሆዱን ፍቆ አደረቀ፣ የጽድ ተሸካሚ በልኩ እየጠረበ አጋደመ፣ በፋይበርና በማጣበቂያ ከጎኑ ጋር አሰረው፣ አዲሱን ኮምፔንሳቶ ከላይም ከታችም ለብጦ መታው። ሀዲያ በየማታው «ደረሰ?» ስትለው፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላታል። ያማረ ወለል ወጣው። በመጨረሻ መሰርሰሪያውን አነሣና ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት፣ ወለሉን ከጀልባው ሆድ ጋር አሳልፎ በሳው። አጠገቡ ቆሞ ያይ የነበረው እንዳሻው ክርስቲያን ነው፤ እሱም ሳይቀር «ማሻአላህ» አለ። ቀዳዳዎቹ በእውነትም እኩልና ንጹሕ ነበሩ።

ጀልባው ግድቡ ላይ ሲወርድም ከተሰበሰበው ሰው የተጠራጠረ አልነበረም። ባልና ሚስቱ ከእንዳሻው ጋር ተሳፍረው ከዳር ጥቂት ራቅ እንዳሉ ሀዲያ ጫማዋ መራሱን ተናገረች። ሳቢት ጎንበስ ብሎ አየ። ውኃው ከአራቱም ቀዳዳ እየፈለቀ ነው።

«ሳቢት፣ ይኼ ምንድን ነው?» አለች ሀዲያ።

«መውጫ ነው።»

«እየገባ ነው እኮ።»

«አየሁ።»

«እንመለስ» አለ እንዳሻው። «ደፍነነው ነገ እንሻገራለን።»

ሀዲያ ባሏን በሰው ፊት አዝዛው አታውቅም። አሁን ግን የደረበችውን ሻርፕ ለሁለት ቀደደችና የፊቶቹን ቀዳዳዎች ጠቀጠቀች፤ ሳቢት እግሩን አንፈራጦ የኋላዎቹን በተረከዙ እንዲደፍን አዘዘች። «ነገ የማን ነው? ቅዘፍ፣ እንዳሻው።»

ርሰው ማዶ ደረሱ። ሳቢትን ከብርዱ ይልቅ ኀፍረቱ ጎዳው፤ አማቱ ቤት አልገባም ብሎ ደጃፉ ላይ ቆመ። እማማ ሉባባ የልጃቸውን ርጥብ እጅ ይዘው አለቀሱ፤ እሷም አለቀሰች።

«በምን መጣሽ?»

«በጀልባ። ወለሉን ሳቢት ነው የሠራው።»

«ደህና ወለል ነው?»

ሀዲያ ደጃፉ ላይ ወደቆመው ባሏ ዞር ብላ አየች። «ጠንካራ ነው እማዬ። ንቅንቅ አላለም።»

ሳቢት ይህን ሲሰማ ገባ። በማግስቱ ወርዶ ቀዳዳዎቹን ደፈነ፤ ስለ ነገሩም ከማንም ጋር አልተነጋገረም።

እማማ ሉባባ በዚያው ሳምንት አረፉ። ዓይናቸውን የከደነችው ሀዲያ ናት።